የእርቁን ወረቀት ይዤ ኮልፌ የሄድኩበት ሳምንት

ይህን የምጽፈው ኮልፌን ለማታዩት ለእናንተ ነው። ከሉማሜ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስንት ነው? ቢሄድስ ኮልፌን ምን ብሎ ያያል? ቤተ መንግሥቱን በአጥር አይቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይመለሳል። እኔ ቤተ መንግሥቱንም አንበሶቹንም አላየሁም። ያየሁት አንድ የእንጨት ደረጃ፣ አንድ ማኅተምና አንድ የቆመ መኪና ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ «የኔታ፣ አዲስ አበባ እንዴት ሰነበተች?» ያላችሁኝን ሁሉ በቀልድ ሸኝቻችኋለሁ። አሁን ግን ቀልዱ አለቀብኝና ልናገር።

ነገሩን የማያውቅ ካለ ከሥሩ ልጀምርለት። በመጋቢት ወር የእህቴ የውባለም ባል፣ ቢያዝን የሚባለው፣ አህያ እየነዳ ከገበያ ሲመለስ፣ ከድልድዩ ወዲህ ባለው ጠመዝማዛ ላይ የጭነት መኪና ገጨው። መኪናውን የሚነዳው ባለቤቱ ራሱ ነበር፤ ደምሴ ይባላል፣ የኮልፌ ሰው ነው። አልሸሸም። ቢያዝንን በገዛ እጁ አቅፎ መኪናው ላይ ጭኖ ወደ ማርቆስ ሐኪም ቤት ሲከንፍ፣ ቢያዝን መንገድ ላይ ዐረፈ። ከዚያ በኋላ እንደ አገራችን ወግ ሽማግሌ ተላከ። ደምሴ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ እህቴ ደጃፍ ላይ ተንበረከከ። ሊናገር ሲጀምር «አህያዋ ደንብራ እሱን ጎትታ ስታስገባው…» አለ። እኔ ከሽማግሌዎቹ መሐል ነበርኩና አቋረጥኩት። «ልጄ፣ እዚህ አህያ አታምጣብን። አጥፍቻለሁ በል፣ ማሩኝ በል፣ ይብቃ» አልኩት። አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ አለ። እህቴም ማረችው።

የእርቁን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ፊደል አስቆጥሬ፣ አሁን በወረዳው ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝና ሌላ ማን ይጻፈው? የእግዚአብሔርን ስም በቀይ ቀለም፣ የቀረውን በጥቁር አደረግሁት። «እኔ ደምሴ በገዛ ጥፋቴና በራሴ ግዴለሽነት የሰው ነፍስ ያጠፋሁ ስለሆነ ካሳውን እከፍላለሁ» የምትለዋን መስመር ሦስት ጊዜ አርቄያታለሁ። «በራሴ ግዴለሽነት» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ሲነበብ ክብደት ይሰጣል ብዬ። ደምሴም መኪናው ኢንሹራንስ እንዳለው፣ ኩባንያው ካሳውን እንደሚከፍል ነገረን። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። እኔም ለእህቴ «ሁለቱን በሬዎች ሽጪና አርባውን አውጪ። ክረምት ሳይገባ በኢንሹራንሱ እንተካቸዋለን» አልኳት። እህቴ ቃሌን ጥላ አታውቅም። ሸጠች።

ሰኞ። ከማርቆስ የሚመጣው አውቶቡስ ረፋድ ላይ ደረሰ። ጓዜን፣ ማለት ብርድ ልብሴንና ስንቄን፣ ከጣራ ላይ አስጫንኩ። ወረቀቱን ግን በሸምበቆ ቱቦ አድርጌ በብብቴ ያዝኩ። ረዳቱ «አባባ፣ እሱንም እንስቀልልዎ» ቢለኝ «አንተ ስትሰቀል እሰቅለዋለሁ» ብዬው ሰው አሳቅሁ። ወዮ፣ የማታ ማታ ምን እንደሚጠብቀኝ ባውቅ ኖሮ እኔው ራሴ ሰጥቼው ገደል ይገባ ነበር! ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሞተሩ ፈላ። ወርደን በእግራችን ስንከተል ፀሐዩ አናቴን በሳው። ሽቅብ ስንወጣ ደግሞ ገመድ ላላና የእኔ ጓዝ ብቻ፣ ከዚያ ሁሉ ጓዝ የእኔ ብቻ፣ ተንሸራቶ ገደል ገባ። ሾፌሩ ቆሞ «እንግዲህ ምን ይደረግ» አለ። ምን ይደረጋል! ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ሞተሩ ጨርሶ እምቢ አለና እዚያው አደርን። ቤርጎ ይሉታል ማደሪያውን፤ ከእኛ አገር ጠላ ቤት የሚለየው በሩ ቁጥር ስላለው ብቻ ነው። የቤቱ ባለቤት ብርድ ልብስ እንደሌለኝ ስታይ የራሷን ነጠላ ደርባ አለበሰችኝ። ጠዋት ልከፍላት ብል «ለለቅሶ ጉዳይ ከሚሄድ ሰው አልቀበልም» አለችኝ። ማን እንደነገራት አላውቅም። ምናልባት ሳላስበው ስለፈልፍ አምሽቼ ይሆናል።

ማክሰኞ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ብርዱ ጥርሴን አፋጨኝ። ከእንጦጦ ቁልቁል ስንወርድ ከተማው በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ስላየሁት ጫካ መስሎኝ ነበር። አውቶቡስ ተራ ስደርስ ደምሴና ሚስቱ ወይዘሮ ዘነበች ቆመው ይጠብቁኛል። ሰኞ ማታ ጠብቀው፣ ሳልመጣ ስቀር ተመልሰው፣ ማክሰኞም ከንጋት ጀምሮ እዚያው ነበሩ። ደምሴ እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት። ድሮ ቁመናው ያምር የነበረ ሰው ነው፤ አሁን ኮቱ ሰፍቶታል።

በከተማው አውቶቡስ ተሳፍረን ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድን። አውቶቡሱ እዚያ ዞሮ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ እግር ነው። ለቤት መሥሪያ የሚሆነው አጠና እንደ አገዳ ተደርድሮ ይሸጣል። እኛ አገር ቤት ሊሠራ የፈለገ ሰው ጎረቤት ጠርቶ ይቆርጣል፤ እዚህ ጭቃውም ሳይቀር ይገዛል አሉኝ። ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ የመንዝ ሰው፣ የእኛው ጎጃሜ ተደበላልቆ ይኖራል። ውሃ ከቦኖ በወረፋ ይቀዳል። ቧንቧው ተከፍቶ ሲፈስ አይቼ «ዝጉት እንጂ!» ብዬ ብጮህ የተሰለፉት ሴቶች ሳቁብኝ።

ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው የደምሴ ቤት። አጥሩን ስገባ መኪናዋን አየኋት። ኤንትሬ የሚሏት የጭነት መኪና ነች፣ ቀይ ቀለሟ የለቀቀ። ጎማዋ ሥር ሣር በቅሏል፣ በጭነት ሳጥኗ ላይ ዶሮ ሰፍራለች። «ለምን አትነዳትም?» ስለው እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። «መሪ ስይዝ ይንቀጠቀጣል የኔታ። ማንኪያ ስይዝ ደህና ነው» አለኝ። ቤቱ የሚተዳደረው ወይዘሮ ዘነበች በምትሸጠው ቆጮና ቅቤ ነበር። ራቴም ቆጮ በጎመንና በአይብ ሆነ። ሃምሳው ገና ስላላለቀ ሥጋም ጨመረችበት። ቆጮውን እንደ ቆዳ አኘኩት፤ እሷ ግን በየጉርሻው «የኔታ፣ አልበሉልኝም» እያለች ጨመረችልኝ። የእህቴን ባል በገጨው ሰው ማዕድ ላይ ተቀምጬ መጉረሴ መጀመሪያ ነውር መሰለኝ። በኋላ ግን እርቅ ማለት ይኸው አይደለም እንዴ ብዬ ዋጥኩት።

ረቡዕ። የኢንሹራንሱ ኩባንያ በቅርቡ ኮልፌ ላይ ቅርንጫፍ ከፍቷል። ከአንድ የቆርቆሮና የሚስማር መደብር በላይ ነው፤ በእንጨት ደረጃ ይወጣል። ኮልፌ ላይ ኢንሹራንስ እንደ አዲስ በሽታ ተዛምቷል ብል ትስቁ ይሆናል። በየሻይ ቤቱ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ የኩባንያው ነው። ደረጃው ላይ ባለ ወፍጮው፣ ባለ ታክሲው፣ ልብስ ሰፊው ሳይቀር ሊገባ ተሰልፏል። አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቁ ተቃጥሎበት፣ ኩባንያው ሳይውል ሳያድር እንደከፈለው አፉ እስኪደርቅ ነገረን። አዲሱን ሱቁንም በጣቱ አሳየን። እውነቱን ነው፣ ቆሟል። ልቤ ሞላ። ዘነበች ግን ጠዋት ቡና ስትቀዳልኝ «እድሬ መቼም ወረቀት አምጪ ብሎኝ አያውቅም» ብላ ነበር። የሴት ወሬ ብዬ አለፍኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከደረጃው በላይ መዝገብ ቤት አለ። እዚያ የተቀመጠችው ወይዘሪት ትሑት ልጅ ነች። «አባቴ፣ ወረቀቱን መጀመሪያ ለኃላፊው ያሳዩት። ዛሬ የለም፣ ነገ ይገባል» አለችኝ። እኔ ግን የፍርድ ቤት በር ሰው ነኝ! መዝገብ ቤት ያላወቀው ወረቀት ሲጠፋ፣ ባለጉዳይ ሲያለቅስ ስንት ዓመት አይቻለሁ። «የለም ልጄ፣ ቁጥር ስጪውና ማኅተም ምቺበት። ያልታተመ ወረቀት የእኔ ወረቀት አይደለም» አልኳት። ደምሴም «የኔታ፣ ነገ ቢሆንስ» ብሎ እጅጌዬን ጎተተኝ። «አንተ መኪናህን እወቅ፣ ወረቀት ለእኔ ተወው» አልኩት። ልጅቷ አንዴ አየችኝና ማኅተሙን ቀለም አስነክታ መታችበት። «ደረሰ» ይላል። ከዚያ ደረጃ ስወርድ እንደ ሙሽራ ነበር የምራመደው። ማታም ለዘነበች፣ «በሬዎቹን ቀይና ቦቃ አድርጌ ነው የምገዛላት፣ ውባለም ቦቃ ትወዳለች» እያልኩ ተረክሁላት።

ሐሙስ። ኃላፊው አቶ ሰሎሞን ይባላል፤ ወጣት ነው፣ መነጽር ያደርጋል። ተነሥቶ ተቀበለን፣ ሻይ አዘዘልን። ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«እኔው ነኝ።»

«ጽሑፍዎ በጣም ያምራል፣ የኔታ።»

ያን ጊዜ ደስ አለኝ። አፍሬ አልደብቃችሁም፣ ደስ አለኝ። አቶ ሰሎሞን ግን መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን አሸ። ከመሳቢያው የደምሴን የኢንሹራንስ ውል ቅጂ አወጣ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ደምሴ የእሱን ቅጂ ዘነበች ሣጥን ውስጥ ከመድኃኔ ዓለም ሥዕል ጋር አስቀምጦት ነው የኖረው፤ ያነበበለት ሰው የለም። አቶ ሰሎሞን አንዷን አንቀጽ በጣቱ እየተከተለ በአማርኛ ነገረን። ባለ ውሉ የኩባንያውን የጽሑፍ ፈቃድ ሳያገኝ ጥፋቱን ካመነ፣ ካሳ እከፍላለሁ ብሎ ቃል ከገባ፣ ወይም ከተጎዳው ወገን ጋር ከታረቀ፣ ኩባንያው ምንም አይከፍልም።

«እና ደም ፈሶ ዝም ይበል?» አልኩ።

«ዝም ይበል አይደለም የኔታ። ለእኛ ያስታውቅ ነው። የምንከራከረው እኛ ነን።»

«ከማን ጋር ነው የምትከራከሩት?»

«ከሟች ቤተሰብ ጋር።»

«ከእህቴ ጋር?»

ሻዩን አማሰለ። ደምሴ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ጌታዬ፣ እኔ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ጠይቄ ነው። እንዲህ ካላደረግሁ በዚያ መንገድ ዳግመኛ በምን ዐይኔ አልፋለሁ?» አለው። አቶ ሰሎሞን «ገብቶኛል፣ እኔም የሸዋ ልጅ ነኝ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኔታ፣ ይህን ወረቀት ሳይታተም አሳይተውኝ ቢሆን፣ ይዘውት ይሂዱ፣ እኔም አላየሁ እልዎ ነበር። አሁን ግን መዝገብ ገብቷል። ለዋናው መሥሪያ ቤት መላክ አለብኝ።»

«እሺ ሌላ መንገድ የለም?» አልኩት። አንድ አለ አለ። ደምሴ «ተገድጄ ነው የፈረምኩት፣ አደጋው የእኔ ጥፋት አይደለም» ብሎ ማመልከቻ ቢያስገባ ነገሩ እንደገና ሊታይ ይችላል። «ታዲያ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው?» አልኩ። «የሟቹ» አለ። «የሟቹ ከሆነስ ለእህቴ ይከፈላታል?» «አይከፈልም» አለ። ይኸው ነው መንገዱ። እኔ የማመልከቻ ሰው ነኝ፣ ብዕሬም ኪሴ ውስጥ ነበረ፤ ይህን ግን ማን ይጻፈው?

ሰውየው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘን፣ «ሕዝባችን ውሉን አንብቦ ቢፈርም» አለ። በምን ቋንቋ? አልኩት በሆዴ። ደረጃው ላይ ባለ ታክሲው ወረፋ ይዞ «አገኛችሁ?» አለን። ደምሴ «ይመስገን» አለው። ሌላ ምን ይበለው?

ዓርብ። ደምሴ በጠዋት የመኪናውን ሊብሬ አምጥቶ ጉልበቴ ላይ አኖረው። «እንሽጣትና ገንዘቡን ይውሰዱት፣ የኔታ። ምያለሁ።» ደላላ ሁለት ሰው ይዞ መጣ። ሰዎቹ ሞተሯን አስነሥተው ሰሙ፣ ጎማዋን በእግራቸው ነካኩ፣ ወደዷት። ከዚያ ለአንደኛው ገዢ አንድ ጎረቤት የሆነ ነገር በጆሮው ነገረውና ገዢው «ሰው የገደለችው ይቺ ናት?» ብሎ ጠየቀ። ደምሴ መዋሸት አያውቅም። «አዎ፣ ናት» አለ። ሰውየው እጁን በሱሪው ጠረገ። ደም የነካት መኪና ደግማ ትነካለች ይላሉ ሾፌሮች፤ ይህን እንኳ እኛ አገር አልሰማሁም። ተሰናብተው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው መጣ፤ ብረቷን በኪሎ ልግዛ ብሎ ደምሴን ሊያስለቅሰው ነበር።

ወደ ማታ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ሄደን ቅጥሩ ውስጥ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ደምሴ «የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያቺ አህያ እውነት ነበረች። ደንብራ እሱን ጎትታ አስገባችው። ፍሬን ይዤ ነበር። ያምኑኛል?» አለኝ።

አምነው ነበር። ያን ቀን ሬሳው ሲመጣ የአህያዋ ገመድ በቢያዝን እጅ ላይ እንደተጠመጠመ አይቻለሁ። አይቼም ነው አህያ አታምጣብን ያልኩት፤ እርቅ እንዲያምር፣ ወረቀቱም እንዲያምር። «አምንሃለሁ» አልኩት። ፊቱን በኮቱ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ካሳ የሚጠይቅ ሰው ይቅርታ ጠያቂ ሆኖ ቢገኝ ምን ትሉታላችሁ?

ቅዳሜ። ዘነበች ከመኝታቸው ላይ ብርድ ልብሷን አጥፋ ሰጠችኝ። የእኔው ገደል መግባቱን ሰምታ ነው። «አልወስድም» አልኳት። «ካልወሰዱት ደጄን ረግመው እንደወጡ ነው የምቆጥረው» አለች። ወሰድኩት። ደምሴ አውቶቡሱ እስኪነሣ ቆሞ «በየዓመቱ ከማገኘው እልካለሁ» አለኝ። ከምን እንደሚያገኝ አልጠየቅሁትም። የመሄጃው አውቶቡስ ረዳት በመመለሻውም እሱው ሆኖ «አባባ፣ ሸምበቆውስ?» ቢለኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ማታ ጎሐ ጽዮን አደርን። ያቺ ሴትዮ «ተሳካ?» አለችኝ፤ ለሷም ይመስገን አልኳት።

እሑድ። ሉማሜ ስደርስ ዝናቡ ቀድሞኝ ጥሏል። ጎረቤት ሁሉ ጥማድ አውጥቶ እርሻው ላይ ነው። የእህቴ ማሳ ብቻ ደረቅ ሣሩን እንደተሸከመ ነው። በረቱ ባዶ ነው፤ የቀረችው ያቺው አህያ ናት፣ ጥግ ላይ ቆማ አየችኝ። ውባለም ከሩቅ አይታኝ ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች። ከኋላዬ የሚነዳ በሬ ፈለገች። ከዚያ ብርድ ልብሱን አየች።

«አልሰጡም?» አለችኝ።

«አልሰጡም።»

«አያ፣ ወረቀቱን አሳየሃቸው አይደል? ያንን የጻፍከውን?» አለች።

«አሳየኋቸው።»

«እንኳንም አሳየሃቸው። ባታሳያቸው ኖሮ በእኔ ምክንያት ነው የቀረ እያልክ ስትቃጠል ትኖር ነበር» አለችና ብርድ ልብሱን ከትከሻዬ ወሰደችልኝ። ውሃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ። እኔም «አዎ» አልኳት። ያንን «አዎ» እስከ ዛሬ አልመለስኩትም። እሷ በዚያ ክረምት ማሳዋን ለእኩል ሰጠች፤ ትልቁ ልጇም ትምህርቱን ትቶ ሰው ቤት ተቀጠረ።

የዚህን አገር ልጅ ግማሹን ፊደል ያስቆጠርኩ እኔ ነኝ፤ የገዛ እህቴን ግን አላስተማርኩም። ይህን ማንበብ አትችልም። ማኅተሙን ያስመታሁት እኔ መሆኔን፣ «በራሴ ግዴለሽነት» የሚለውንም የጨመርኩት እኔ መሆኔን፣ የአህያዋንም ገመድ ማየቴን አታውቅም። ልነግራት ስንት ጊዜ ቤቷ ሄጄ፣ ጠላዋን ጠጥቼ ተመልሻለሁ። ከእናንተ መሐል ደግ ሰው ካለ፣ እኔ በሌለሁበት ቀን ሄዶ ያንብብላት።